«ይሄ ተጽፏል ወይስ ደራሲው ጨመረው?» ልብ ወለድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ይዞ ልጆችን ቤት ውስጥ ማስተማር

ባለፈው ዓመት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ መምህሩ ለምጽ የነበረበትን የሶርያ ሠራዊት አለቃ፣ የንዕማንን ታሪክ እያስተማሩ ነበር። «ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ ለእመቤቷ የነገረቻት ልጅ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። የኔው ልጅ ቀድሞ እጁን አወጣ። ስሟን ተናገረ። የአባቷን ስም ጨመረ። አባቷ እረኛ እንደነበር፣ ወንድሟ በወረራው ቀን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ እንደተረፈ ዘረዘረ። መምህሩ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ይሄ እንኳ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም» አሉት። እሱ ግን ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ! «አለ፣ እማዬ አንብባልኛለች» ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያነበብኩለት መጽሐፍ ልብ ወለድ ነበር። ደህና ልብ ወለድ ነው፣ እኔም እያነበብኩ አልቅሻለሁ። ግን አንድም ቀን «ይቺን ደራሲው ከራሱ ነው የጨመራት» ብዬው አላውቅም። ለ8 ዓመት ልጅ ደግሞ በእናቱ ድምፅ የተነበበ ነገር ሁሉ እኩል ነው። ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። መጽሐፎቹን አልጣልኳቸውም። የምናነብበትን መንገድ ነው የለወጥኩት፣ እሱን ልንገራችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ አሁን 9 ሊሞላው ነው፣ መካከለኛዋ 7፣ ትንሹ 5። ሆምስኩል ነው የማስተምራቸው፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሳይሄዱ እኔው ቤት ውስጥ። አሜሪካ ውስጥ ሆምስኩል በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። የክርስቲያን ሆምስኩል ገበያው ደግሞ ሰፊ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ላይ የተጻፈ ልብ ወለድ እንደ ጉድ ነው የሚታተመው። ስለ አስቴር፣ ስለ ዳንኤል፣ ስሙ እንኳ ስላልተጠራ ባሪያ ሁሉ ታገኛላችሁ። ጀርመን የምትኖሩ ሆምስኩል ክልክል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም ከዚህ በታች ያለው ለቅዳሜና ለማታም ያገለግላል።

«በተረት ነው እንዴ የምታስተምሪያቸው?»

ይሄን ያለችኝ አክስቴ ናት፣ ቡና ላይ። እውነቷን ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእግዚአብሔርን ቃል ከሰው ፈጠራ ጋር መቀላቀል ቀልድ አይደለም።

ናታንን አስታወስኳት። 2ኛ ሳሙኤል 12 ላይ ነቢዩ ዳዊት ፊት ሲቀርብ «ኃጢአት ሠርተሃል» ብሎ አልጀመረም። አንዲት በግ ስላለችው ድሃና ብዙ መንጋ ስላለው ሀብታም ተረከለት። ሀብታሙ እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረድ አሳሳውና የድሃውን በግ ወሰደ። ዳዊት ታሪኩን እውነት ብሎ ሰምቶ በንዴት ጦፈ። ናታን ያን ጊዜ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው። ጌታችንም በምሳሌ ያስተማረውን ስንቱን ቆጥረን እንጨርሳለን?

ታዲያ ከናታን የምወስደው አንድ ነገር አለ። ታሪኩን ተርኮ ዝም ብሎ አልሄደም። መጨረሻ ላይ ገለጠው። እኔ የጎደለኝ ይሄ ነበር፤ መተረኩን ተረኩ፣ መግለጡን ግን ረሳሁት። አክስቴ በዚህ ተስማማች ልል አልችልም፣ ግን ሦስተኛውን ስኒ ጠጥታ ነው የሄደችው።

መጀመሪያ ቃሉ

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። መጽሐፍ ቅዱሱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጥ ልብ ወለዱ አይከፈትም። መጀመሪያ ከመጽሐፍ ቅዱሱ እናነባለን፣ ከዚያ ወደ ልብ ወለዱ እንሄዳለን። «ልጁ እንዲጓጓ ልብ ወለዱን ማስቀደም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሞክሬዋለሁ። ችግሩ፣ ልጁ መጀመሪያ የሰማው ሥዕል አእምሮው ውስጥ ይቀራል፤ ቃሉን በኋላ ስታነቡለት «ስሟ የታለ? ወንድሟስ?» እያለ የጎደለ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ሙሉው እንደ ጎዶሎ ይታየዋል። ስለዚህ ቃሉ ይቅደም።

ረጅም ጊዜ አይወስድም። የንዕማን ታሪክ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ነው፣ 27 ቁጥር። ቀስ ብላችሁ ብታነቡት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለትንሹ በቃሌ ነው የምነግረው፣ ግን መጽሐፉን ጭኔ ላይ ከፍቼ። ማንበብ ባይችልም ወሬው ከየት እንደሚወጣ ይይ።

ልብ ወለዱን ደግሞ በአንድ ቁጭታ ብዙ አታንብቡ። አንድ ምዕራፍ በቂ ነው። እኛ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው የምናነበው። ሰኞ ቃሉን አንብበናል። ዓርብ ወደ ቃሉ ተመልሰን እንደገና እናነባለን፣ ያው አንድ ምዕራፍ። ሁለተኛው ንባብ ላይ የሚያዩት ነገር ይገርማችኋል። ልጄ ዓርብ ዕለት «እማዬ፣ ልጅቷ እኮ የተናገረችው አንዴ ብቻ ነው!» አለኝ። ልብ ወለዱ ውስጥ 200 ገጽ ሙሉ ስታወራ ነበር።

ሦስቱ ዓምድ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ተራ ደብተር ያዙ። ገጹን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ላይ «ተጽፏል»፣ ሁለተኛው ላይ «አንድም»፣ ሦስተኛው ላይ «አይሆንም» ብላችሁ ጻፉ።

«አንድም» የምትለዋን ከአንድምታ ነው የተበደርኳት። የእኛ የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ሁለተኛ ሦስተኛ ፍቺ ይሰጡታል፤ ንባቡ ግን ንባብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ትርጓሜውም ትርጓሜ። ልብ ወለድ ጸሐፊን ከሊቃውንቱ ጋር እያስተካከልኩ አይደለም፣ እንዳትቆጡኝ። ቃሏን ብቻ ነው የወሰድኩት። ለልጅ «ምናልባት እንዲህም ሊሆን ይችላል» ማለት ረጅም ነው፤ «አንድም» አጭር ናት፣ ደግሞም የራሳችን።

በንዕማን እንሞክረው። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ ነው፣ ለምጽ አለበት። ሶርያውያን ከእስራኤል ምድር ማርከው ያመጧት ትንሽ ልጅ የሚስቱ አገልጋይ ናት። ጌታዬ በሰማርያ ያለውን ነቢይ ቢያገኘው ከለምጹ ይፈወስ ነበር ትላለች። በቃ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከታሪኩ ትወጣለች። ይሄ ሁሉ «ተጽፏል» ሥር ይገባል።

ልብ ወለዱ ስም ሰጣት። ለምን አይሰጣት? ስም ሳይኖራት አልቀረም። «አንድም»። እናቷን እያሰበች ሌሊት ታለቅሳለች። «አንድም»። እመቤቷ ደግ ነበረች፣ ፀጉሯን ታበጥርላት ነበር። እዚህ ላይ ልጄ ትንሽ አሰበና «አንድም፣ ግን ደካማ አንድም» አለ። ለምን ስለው፣ «ደግ ብትሆን ለምን ወደ ቤቷ አልላከቻትም?» አለኝ። እኔ እንኳ ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ «አይሆንም» እንምጣ። አንድ ያነበብነው መጽሐፍ ላይ ንዕማን በሠረገላው ኤልሳዕ ደጅ ሲደርስ ነቢዩ ወጥቶ ይቀበለዋል፣ ትከሻውን ይዞ በደግ ዓይን እያየው ያናግረዋል። የሚያምር ትዕይንት ነው። ግን ምዕራፉን እዩት፤ ኤልሳዕ አልወጣም። መልእክተኛ ልኮ «ሂድና በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ» አስባለው። ንዕማን የተቆጣው ለምን ሆነና? ወጥቶ ይቆማል፣ የአምላኩን ስም ይጠራል፣ እጁን ለምጹ ላይ ያወዛውዛል ብዬ ነበር ብሎ ነው የተቆጣው። አሥር መክሊት ብርና ስድስት ሺህ ወርቅ ይዞ የመጣ ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ በተላላኪ ሲነገረው! የታሪኩ ማጠፊያ ይሄ ነው። ኤልሳዕን ከቤት ያስወጣ ደራሲ ንዕማንን የሚያናድደው ነገር አሳጣው፤ ንዕማን ካልተናደደ ደግሞ ዝቅ ብሎ ወደ ውኃው መውረዱ ትርጉም የለውም።

እንግዲህ መለኪያዬ ይቺ ናት። ደራሲው ምን ያህል ጨመረ ብዬ አልጨነቅም። ሰው 200 ገጽ ጨምሮ ታሪኩን ላይነካው ይችላል፤ ሌላው አንድ መስመር ቀይሮ ያፈርሰዋል። «ታሪኩ የሚዞርበት ቦታ ተነክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከፍ ላለ ልጅ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ደራሲው ይሄን ለምን የጨመረው ይመስልሃል?» ከጉድጓዱ የተረፈው ወንድም መጨረሻ ላይ መጥቶ ልጅቷን ይወስዳታል። ልጄ ይሄን ክፍል በጣም ነበር የሚወደው። ቃሉ ግን ወደ አገሯ ተመለሰች አይልም፤ አልተመለሰችም አይልም። ንዕማን ድኖ ሲመለስ አመሰገናት እንኳ አይልም። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ መልስ አትስጡ። ዓረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት የምትሠራ እህት ወይ የአክስት ልጅ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው፤ ይቺ ልጅ ተማርካ ነው የሄደችው፣ ልዩነት አለው፣ ግን በባዕድ ቤት ሰው ሳይጠይቃት ስለምትሠራ ልጅ ለማውራት ልጆቻችን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። እኛ ቤት ያን ቀን ትምህርቱ ቀርቶ እህቴ ጋ ስልክ ደወልን።

እኛም ስንጨምር ኖረናል

ፈረንጅ ደራሲን ብቻ አንውቀስ። የምናውቀውን ስንቱን ነገር ከመጽሐፉ ያገኘነው ይመስለናል? ልጆቼን አንድ ቀን ፈተና አስቀመጥኳቸው፣ ባለቤቴንም ጨምሬ።

አዳምና ሔዋን የበሉት ምንድን ነው? ትልቁ «አፕል» አለ፣ ከእንግሊዝኛው የሥዕል መጽሐፍ። ባለቤቴ ሳቀበትና «ዕፀ በለስ ነዋ!» አለ። ዘፍጥረት 3 ላይ የፍሬው ስም የለም፤ በለስ የሚነሳው ቅጠሉን ሰፍተው ለበሱ ሲል ነው። ሰብአ ሰገል ስንት ናቸው? ማቴዎስ ቁጥር አልጻፈም፣ ሦስት የሆነው ስጦታው ነው። ዮናስን የዋጠው ዓሣ ነባሪ ነው? ትንቢተ ዮናስ «ታላቅ ዓሣ» ነው የሚለው። ማርያምና ዮሴፍን «ቦታ የለም» ብሎ የመለሰው ባለ እንግዳ ማረፊያ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሉቃስ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ጭራሽ የለም፤ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልነበራቸውም ነው የሚለው። በየገና ድራማው ፂም ተለጥፎለት የሚቆጣው ልጅ ሚናው ከየት እንደመጣ አስቡት። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ሰዎች ስቀውበታል? የዘፍጥረት ትረካ ላይ አንድ ሰው ሲስቅ አናገኝም።

ባለቤቴ ከአምስቱ ሁለቱን መለሰ። ይሄን ፈተና ሆምስኩሉን ስትጀምሩ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አድርጉት። ልጆቹ አባታቸው ሲሳሳት ማየት ስለሚወዱ እንጂ ለሌላ አይደለም። እሺ፣ ለሌላም ነው።

የማን መጽሐፍ ቅዱስ?

እኛ ኦርቶዶክስ ነን። አብረውን የሚማሩት የሆምስኩል ቤተሰቦች አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፣ የምንገዛቸው መጻሕፍትም እንደዚያው። እዚህ ላይ «ተጽፏል» የሚለው ዓምድ ራሱ ይለያያል። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው፣ የእነሱ 66።

ለምሳሌ የቃየል ሚስት። በብዙ እንግሊዝኛ መመሪያ ላይ ስሟን የሚጠራ መጽሐፍ «ፈጠራ» ይባላል። እኛ ጋ ግን ከ81ዱ አንዱ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌ አዋን ይላታል። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ይዞ ተኝቶ ከ66 ዓመት በኋላ መንቃቱም ተረፈ ባሮክ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት «ተጽፏል» ብለን ስንጽፍ አጠገቡ መጽሐፉንና ምዕራፉን እንጽፋለን። ጓደኛው ቤት ሄዶ «አለ! የለም!» ብሎ ከመጣላት «ኩፋሌ ላይ ነው፣ እናንተ ጋ የለም» ማለት ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ገድሉ፣ ስንክሳሩ፣ ክብረ ነገሥቱ አለ። የሳባን ንግሥት 1ኛ ነገሥት 10 ላይ ስታነቡ፣ መጣች፣ በእንቆቅልሽ ፈተነችው፣ ስጦታ ተሰጣጡ፣ ወደ አገሯ ተመለሰች ይላል። የምኒልክ መወለድ እዚያ የለም፣ ክብረ ነገሥት ላይ ነው። ይሄን ለልጅ ስትነግሩ ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ፣ አታቃልሉትም። «ይሄኛው እዚህ ነው የተጻፈው፣ ያኛው እዚያ» ነው። ትውፊትን ከልብ ወለድ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ የሚከት ሰው ስታገኙ አትቀበሉት፤ አያቶቻችን ሲቀበሉት የኖሩትና ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈው እኩል አይደሉም። እኔ አራተኛ ዓምድ ጨምሬለታለሁ፣ «ትውፊት» ብዬ። እናንተ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ተዉት።

ሲገዙ

መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ነው የምከፍተው። ጨዋ ደራሲ «እነዚህን ሰዎች እኔ ፈጥሬያለሁ፣ ይሄንና ያንን ከዚህ ምዕራፍ ወስጃለሁ» ብሎ ማስታወሻ ይተዋል። ማስታወሻ ከሌለው እጠረጥራለሁ። ከዚያ አንድ የማውቀውን ምዕራፍ መርጬ ከቃሉ ጋር አስተያየዋለሁ። ማጠፊያው ተነክቶ ካገኘሁት እመልሰዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ጌታ ራሱ ረጅም የፈጠራ ንግግር የሚናገርበትን መጽሐፍ ለትናንሾቹ አልገዛም። ይሄ የኔ ጥንቃቄ ነው፣ የማይስማማ ይኖራል። ስለ ሰዎቹ ይጻፍ፣ ስለ ዓሣ አጥማጁ ሚስት፣ ስለ መርከቡ፣ ስለ ገበያው። የጌታ ቃል ግን ልጁ ጆሮ ውስጥ ሲቀር ከወንጌሉ የወጣው ይቅር።

ሥዕሉንም እዩ። ሁሉም ሰው ቢጫ ፀጉር ያለው ከሆነ ልጆቼ ራሳቸው ማሾፍ ጀምረዋል።

ባለጌ ነገር ካለበትም ተጠንቀቁ፣ ግን የምለው የተለመደውን ብቻ አይደለም። የቤርሳቤህን ታሪክ ውሰዱ። ብዙ ልብ ወለድ እሷን አታላይ ያደርጋታል። 2ኛ ሳሙኤል 11 ላይ ያየው ዳዊት ነው፣ የላከው ዳዊት ነው፣ ያስመጣት ዳዊት ነው፤ ናታንም የገሠጸው ዳዊትን ነው። ለ12 ዓመት ሴት ልጅ ይሄን አዛብቶ ማስነበብ ቀላል ጥፋት አይደለም። ትንንሾቹ ይቆዩ፣ ለትልልቆቹ ስታነቡ ግን ቃሉን አጠገቡ አስቀምጡ።

ኢላይሻ ማነው?

እዚህ ያደጉ ልጆች ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ቅዳሴና ስብከት ላይ ስሙን በአማርኛ ይሰማሉ። ልጄ ኢላይሻና ኤልሳዕ አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ኢላይጃ ኤልያስ ነው፣ ኢላይሻ ኤልሳዕ፤ አዋቂውም ያምታታዋል። ጆና ዮናስ፣ ኖዋ ኖኅ፣ አይዛያ ኢሳይያስ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። አዲስ መጽሐፍ ስንጀምር አዲስ ስም እንጨምራለን።

በተቃራኒውም አለ። ዮሐንስ 6 ላይ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘ ብላቴና አለ። ከአራቱ ወንጌሎች ልጁን የሚጠቅሰው ዮሐንስ ብቻ ነው። በአማርኛ ካነበብኩላቸው በኋላ «ሳሉት» አልኳቸው። መካከለኛዋ ልጄ አንድ ሚጢጢ ልጅ ሳለች፣ ጭንቅላቱ ላይ ከሱ የሚበልጥ መሶብ፣ ውስጡ አምስት ድፍን ምጣድ የሚያህል እንጀራ፣ ዓይን በዓይኑ። «እንዴት ብሎ ተሸከመው?» አልኳት። «ለዛ ነው ተአምር የሆነው» አለችኝ። እንግዲህ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «እንጀራ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማስረዳት የገብስ ዱቄት ገዝተን ትናንሽ ቂጣ ጋገርን። አምስቱ አንድ ሰሃን ላይ ሲደረደሩ ለአንድ ልጅ ምሳ እንደሚሆኑ ገባት። ሥዕሉን ግን አልጣልኩትም።

ራሳቸው ይጻፉ

ልጆቹ ደራሲው የጨመረውን ለይተው ማየት ከጀመሩ በኋላ ብዕሩን ስጧቸው። ሰው የሚያታልለው እንዴት እንደሆነ፣ ሰው የሚያምነውም እንዴት እንደሆነ የሚገባቸው ራሳቸው ሲጨምሩ ነው።

ሕጉ ትንሽ ነው። ዋናውን ሰው አትሁን፣ አጠገቡ የቆመውን ሁን። የተጻፈውን አትቀይር። ታሪኩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አቁም። መጨረሻ ላይ የጨመርከውን ራስህ ዘርዝር።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠኋቸው ኤርምያስ 38ን ነው። ኤርምያስ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል፣ ውኃ የለበትም፣ ጭቃ ነው፣ እዚያ ሰምጧል። ማንም ዝም ሲል ንጉሡ ጋ ገብቶ የተናገረለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ሠላሳ ሰው ተሰጠው። ግን ገመድ ብቻ አልወረወረም። ከቤተ መዛግብቱ ሥር አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰብስቦ በገመድ አወረደለትና በብብትህ አድርገው አለው። ለምን እንደሆነ ቃሉ አያብራራም፣ ግን ትንሹም ልጄ ገብቶታል፦ «ገመዱ እንዳይልጠው ነዋ።»

ትልቁ ከሠላሳዎቹ አንዱን ሆኖ ጻፈ፣ ገመድ ሲጎትት ስለሚላጥ እጅ። መካከለኛዋ ጨርቁን ሆነች። «ድሮ የንጉሥ ልብስ ነበርኩ። አሁን አይጥ ትተኛብኛለች» ብላ ጀመረች። መጨረሻ ላይ ከጉድጓዱ ወጥታ በጭቃ ተለውሳ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች። ከታች በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፈች፦ «የጨመርኩት፦ አይጧን፣ ፀሐዩን፣ ጨርቁ ማውራቱን። የተጻፈ፦ ሌላው።»

ለወረቀት ሥራው

ሜሪላንድ የምትኖሩ እንደምታውቁት፣ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ማሳወቅ አለባችሁ፣ ግዛቱ የሚጠይቃቸው ትምህርቶች ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ናቸው። ሃይማኖት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ በራሳችሁ ነው። ግን ልብ ወለድ ማንበብ፣ ከምንጩ ጋር ማነጻጸር፣ ታሪክ መጻፍ የእንግሊዝኛ ሥራ ነው፤ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ፖርትፎሊዮው፣ የልጆቹን ሥራ የምታሰባስቡበት ማህደር ውስጥ አስገቡት። ሌላ ግዛት ከሆናችሁ የራሳችሁን ሕግ እዩ፣ በጣም ይለያያል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ መጻሕፍቱን ስለምንዋዋስ ነው። አንብበን ስንጨርስ የኋላው ሽፋን ላይ ቢጫ ወረቀት እንለጥፋለን። ልጆቹ ናቸው የሚጽፉት። የንዕማኑ መጽሐፍ ላይ «ወንድሟ አንድም ነው። ኤልሳዕ ሲወጣ ያለው ምዕራፍ አይሆንም፣ 2ኛ ነገሥት 5ን እዩ። የሚያስለቅስ ነው፣ ሶፍት ይዛችሁ አንብቡ» ይላል። ባለፈው ወር መጽሐፉ ከሌላ ቤት ሲመለስ ከሥሩ በሌላ ልጅ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበት መጣ፦ «አባቷ እረኛ መሆኑስ?»